በሞደስት ስም የተጠራው ወንዝ

አጎቴ ሞደስት በሕይወቱ የሠራው ትልቅ ሥራ አንድ ወንዝ ነው፤ ወንዙም የለም።

በሰሜን ካናዳ፣ በሐይቃችን ዳር ከምንኖር የዴኔ ነገድ ሰዎች ሁሉ እንደሱ ያለ ሰነፍ አልነበረም። መረብ ሲጣል ወገቡን ያመዋል፣ አጋዘን ሲታደን እግሩን፤ ዓሣው ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ድኖ ይገኛል። ምላሱ ብቻ ታሞ አያውቅም። ታዲያ የካናዳ መንግሥት የላከው አገር ለኪ፣ ሃርግሪቭ፣ መንገድ መሪ ፈልጎ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ "እኔ አለሁ" ያለው እሱ ሆነ። ሌሎቻችን ለበረዶው ወራት ሥጋ እያደረቅን ነበር።

የሐይቁ ሰሜን ጫፍ ሲደርሱ ሃርግሪቭ፣ "ከዚህ ወደ ትልቁ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ አለ?" ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ወዲያ ረግረግና ድንጋይ እንጂ ታንኳ የሚያስኬድ ውሃ እንደሌለ አዳኞቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ሞደስት ግን "የለም" ቢል ሰውዬው "እስቲ በእግር ሄደን እንየው" ሊለው ነው። ስለዚህ "አለ፤ የሦስት ቀን መንገድ ነው" አለና ለድካሙ የተሰጠውን ሻይና ትንባሆ ተቀብሎ ቤቱ ገባ። ሃርግሪቭም ወንዙን ካርታው ላይ ሣለው፤ "የሞደስት ወንዝ" ብሎም ሰየመው። በዓይኑ ያላየውን ወንዝ! ከሁለቱ የትኛውን የበለጠ እንደምንቅ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ካርታው ታትሞ ሲመጣ ሞደስት የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየጎተተ ያሳይ ጀመር። ሚስቱ በርናዴት፣ ነፍሷን ይማርና፣ "እስቲ ከወንዝህ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድተህ አምጣልኝ" ትለው ነበር። ይስቃል እንጂ አያፍርም።

ከስድስት ዓመት በኋላ መሬት ፈላጊ ሰፋሪዎች መጡ። አንዱ፣ አንገስ የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ የሞደስትን ልጅ ፊሎመንን አገባ። ዱቄቱን፣ ምድጃውን፣ መጋዙን ታንኳ ላይ ጭኖ በዚያ ወንዝ ሊወርድና ትልቁ ሐይቅ ዳር ሊሰፍር ተነሣ። የዛፉ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ፊሎመን የሰባት ወር እርጉዝ ናት። በረዶው ረግረጉ ውስጥ ከያዛቸው አለቀላቸው።

"አንገስ፣ ወንዝ የሚባል ነገር የለም" አልኩት።

"አንተ ሄደህ አይተሃል?"

"የሌለ ነገር ምኑን ሄጄ አያለሁ?"

"አማቼ ግን አይተውታል። ስማቸውም ይኸው!" ብሎ ካርታውን ፊቴ ላይ ዘረጋው።

ፊሎመን ከሕፃንነቷ ሩቅ ባለ የሴት መነኮሳት አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገች አገሩን አታውቅም፤ ሞኝ ግን አይደለችም። ታንኳው አጠገብ ቆማ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ ሰው ሁሉ ፊት ልጠይቅህ። ወንዙ አለ?"

"የለም" ቢላት ትቀር ነበር። ሞደስት እኛን አየ፣ አንገስን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ባይኖር መንግሥት ያትመዋል እንዴ?" አላት።

ሄዱ። ያን ዕለት ታንኳውን በመጥረቢያ አለመስበሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

በረዶው ሲጠና እኔና ወንድሜ ውሾቻችንን በረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪያችን ጠምደን ተከተልናቸው። ረግረጉ ዳር፣ በተገለበጠ ታንኳ ሥር አገኘናቸው። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወልዶ አንድ ቀን ብቻ ኖሯል፤ አንገስ ድንጋይ ከምሮበታል። የፊሎመን የእግር ጣቶች በብርድ ጠቁረዋል። ጋሪው ላይ ጭነናቸው ሞደስት ቤት አስገባናቸው።

ሞደስት ስለ ሕፃኑ አልጠየቀም፤ የፊሎመንን እግርም አላየም። ሲቁነጠነጥ ቆይቶ፣

"ምናልባት መግቢያውን ሳታዩት አልፋችሁት ይሆናል" አለ።

ፊሎመን ቀና እንኳ አላለችም። "ይሄን ሰውዬ ከፊቴ አውጣልኝ" አለችኝ።

ቤቱ የራሱ ነበር፤ ውጭውም አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር። ክንዱን ይዤ አስወጣሁት።