ሳልፈትሽ «ፈትሼዋለሁ» ያልኩት ቤንዚን

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተናግሬው አላውቅም። ለእርስዎ የምነግርዎት ስለማያውቁኝ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ከዚህ ይጀምሩልኝ።

ሆሳዕና ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ከዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ከአየር ላይ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ድርጅት ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ይዞ መጣ። አብራሪው ካፒቴን ሰለሞን የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ነዳጅ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። ሞተሩ በመኪና ቤንዚን ይሠራል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ግን ክልክል ነው። ኢታኖል ውሃ ስቦ በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል፤ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ይለቀውና ሞተሩን ያጠፋል። ስለዚህ ካፒቴን አንድ ሥራ ሰጠኝ፦ ጠርሙስ ላይ እስከ ምልክቱ ውሃ፣ ከላይ ቤንዚን፣ ነቅንቆ መጠበቅ። ውሃው ከምልክቱ ከፍ ካለ ኢታኖል አለበት፣ አይቀዳም። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ!

የያሆዴ ዋዜማ ነበር፣ የእኛ የሀዲያዎች ዘመን መለወጫ። ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ሁለት ጀሪካን ሰጠኝ። ስልኬ ይጮኻል፤ ቱታችን፣ ዓመቱን ሙሉ አብረን ቆጥበን በሬ የምንገዛበት ማኅበራችን፣ ሥጋ መከፋፈል ጀምሯል። የዘገየ ሰው የተረፈውን ይዞ ነው የሚገባው። ቤንዚኑን ሳልፈትሽ ታንኩ እስኪሞላ አውሮፕላኑ ውስጥ ገለበጥኩት። ካፒቴን ደውሎ «ፈተሽከው?» አለኝ። «ፈትሼዋለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ለሥጋ ብዬ ዋሸሁ!

በበዓሉ ማግስት ካፒቴን ተነሳ። ከጊምቢቹ ወዲያ ሞተሩ አየር ላይ ቀጥ አለ። ካፒቴን አውሮፕላኗን እንደምንም ግጦሽ ሜዳ ላይ አሳረፋት፤ የእሷ ጎማ፣ የእሱም ክንድ ተሰበረ። ስደርስ ገበሬዎቹ ቤት አስገብተው በቅቤ የራሰ አታካና፣ የቡላ ምግባችንን፣ እያጎረሱት፣ እሱም እየሳቀ አገኘሁት። ተመልሼ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ፈተሽኩ። ውሃው ከምልክቱ በላይ ወጣ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ቤንዚኑን ሞተር ብስክሌቴ ላይ ቀድቼ ሞርሲቶ እየተመላለስኩ ጨረስኩት።

ካፒቴን ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት ከነዳጅ ታንኩ ሥር ጥቂት ቀድቶ ውሃ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ኢታኖል ውስጥ የሟሟ ውሃ ግን በዚህ አይታይም። ሪፖርቱ ላይ «በደንብ አላየሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። ከመብረር አገዱት። እኔ አጠፋሁ፣ እሱ ተቀጣ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ኅሊናዬ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ደህና አድርጌ እተኛለሁ። ጋራዡ ሰፍቷል፣ ልጆቼ አድገዋል፣ ደስተኛ ሰው ነኝ። ካፒቴንም እዚሁ አግብቶ ኮሌጅ ያስተምራል፤ በሀዲይኛ መቀለድ ሁሉ ለምዷል። በየያሆዴው ቤቴ ይመጣል። ጠግበን ስንጫወት «ያን ጠዋት ትንሽ ተጠንቅቄ ቢሆን ኖሮ…» ይላል። እኔም፣ ጉዴን ይስሙ፣ «አይዞህ፣ የሚያጋጥም ነው» ብዬ አጽናናዋለሁ! ሰው እንዴት በራሱ ጥፋት ሌላውን ያጽናናል? እኔ አጽናናሁ፤ ያውም ስንት ዓመት።

አምና ግን ስለዚያ ጠዋት ተማሪዎቹን በየዓመቱ እንደሚያስተምር ነገረኝ። «በእኔ ስንፍና ሰው ሊሞት ነበር እላቸዋለሁ» አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። በእኔ ፈንታ እንቅልፍ ያጣው እሱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዘንድሮ ሲመጣ፣ ማዕድ ሳይቀርብ እነግረዋለሁ። ቸኩዬ ነበር አልልም፤ በዓል ነበር አልልም። ከእሱ የሚቀርበኝ ጓደኛ የለኝም፣ ተነስቶ ሊሄድ ይችላል፣ ይህ ያስፈራኛል። ይቅር ቢለኝ ደስታዬን አልችለውም። ባይለኝም ይሂድ፤ ብቻ ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ አውቆ ይሂድ።