ሰሌዳው ላይ ያልተጻፉት

የትምህርት ቤታችን በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ይዋሻል። «ይህ ትምህርት ቤት በሰፋሪው ሕዝብ ጉልበት ተመሠረተ» ይላል። ሰፋሪ ነኝ፤ ጉልበቴም እዚያ ፈሷል። ብቻችንን ግን አልሠራነውም። የሰው ድካም እንዲህ ሲካድ ዝም ብዬ አልሞትም።

በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነን አሶሳ ስንደርስ የሰፈርንበት አምባ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ልጆቻችን የሚማሩት ሾላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክረምቱ ሲበትናቸው ወንዶቻችን ሸመል ሊቆርጡ ወረዱ። ሸመል የዚህ አገር ቀርከሃ ነው፤ እኛ የምናውቀው ጥድና ባሕር ዛፍ ነበር። የቀኑን ሙቀት ስለፈሩ ጨረቃዋ ሙሉ እስክትሆን ጠብቀው በብርሃኗ ቆረጡ። ክፍሉ ሲቆም እልል አልን። ዓመት ሳይሞላው ነቀዝ ገባበት፤ ግድግዳውን የነካ ሰው እጁ ላይ ዱቄት ይራገፍበት ጀመር። አንድ እሑድ ነፋስ ገፋውና ተኛ። እሑድ ባይሆን ኖሮ ምን እንደሚደርስ ማሰብ አልወድም።

ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት የአገሩ ተወላጆች፣ በርታዎች ናቸው። ከእነሱ አንዷ፣ ውሃ ስንቀዳ የምንገናኝ እኩያዬ፣ የወደቀውን ልታይ መጣችና እስክትደክም ሳቀች።

«እናንተ ሰው ሞኝ ናችሁ» አለችኝ። «ጨረቃ ሙሉ ሲሆን ሸመል ጣፋጭ ነው። ነቀዝ ይወዳል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዙት እነሱ ናቸው። ጨረቃ እስክትጠፋ ጠበቁ፤ ሸመሉን ራሳቸው መርጠው ቆረጡ፤ ተሸክመውም ወንዙን ተሻገሩ። እኛ ሴቶቹ ጭቃውን በእግራችን ረገጥን። እሷና እኔ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበርን፤ እንዳያንሸራትተን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን፣ እሷ በቋንቋዋ እየዘፈነች እኔ በማላውቀው ዘፈን እየተቀበልኩ። ያ ክፍል ነቀዝ ሳይነካው ቆመ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው፣ በመሠረተ ትምህርት።

መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ወታደር ሰፈረበት፤ ወንበሮቹ ማገዶ ሆኑ። ቆይቶ ልጆች ተመለሱ፤ የጣሪያው ሣር ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ። ብሎኬቱ ሕንፃ ሲሠራ አሮጌው ክፍል የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም አፈረሱት። አሁን ቦታው ላይ የውሃ ሮቶ ተቀምጧል።

እኔ ያልሄድኩት ባሌ እዚህ ስለተቀበረ ነው። ልጆቼ በየከተማው ናቸው። ጭቃ አብራኝ የረገጠችው በርታዋም ልጆቿን ተከትላ ርቃ ወደ መንጌ ወጣች። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰኞ እስከ ዓርብ ጫጫታው ያጫውተኛል። ቅዳሜ ሲዘጋ ግን ከራሴ በቀር የሚናገር የለም፤ እኔም ከዶሮዎቹ ጋር መጨቃጨቅ እጀምራለሁ።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት። ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦልኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እማማ፣ እውነትዎን ይሆናል» አለኝ። «ግን ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ? አብሮ የነበረ አንድ ሰው ያምጡልኝና አስተካክለዋለሁ።»

አብረውኝ የነበሩትን ሰፋሪዎች በልቤ ጠራኋቸው። አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ወሎ ገብታለች፣ ሌላው ሞቷል። ስወጣ በር ላይ የቆሙ የሰፋሪ ልጆች፣ ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ሰሌዳው ክብራችን ነው፣ ለምን ታስፍቂዋለሽ ብለው ተቆጡኝ። በሰው ጉልበት አልከበርም አልኳቸው። አንዱ አሮጊቷ ጃጅታለች ሲል ሰማሁት። ጃጅቼ ቢሆን ኖሮ ዱላዬ እንዲህ በፍጥነት አያገኘውም ነበር።

በማግስቱ የጭቃ ጓደኛዬን ፍለጋ መንጌ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱ አጥንቴን ፈታው። ቤቷን እየጠየቅሁ ስደርስ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ሰላምታዬን ስትሰማ ግን ወዲያው ለየችኝ፤ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። የልጇ ሚስት ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ብቻዬን ያልበላሁበትን ቀን ከረሳሁ ቆይቻለሁና ቀስ ብዬ በላሁ።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። ሰሌዳው የሚለውን ቃል በቃል አልኩላት። አንድ ቀን ብቻ ከእኔ ጋር እንድትመጣ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት አንድ ቃል እንድትናገር፣ እንደምመልሳትም ቃል ገብቼ ለመንኳት። ከእሷ ሌላ ምስክር እንደሌለኝም አልደበቅኋት።

 እጄን ሳትለቅ እንዲህ አለችኝ፤

«እህቴ፣ እኔ አልመጣም። ሸመል የቆረጥነው ለስም አይደለም፣ ለልጆች ነው። የእኔም ልጆች ገቡ። አስተማሪ በአማርኛ የሚናገረው አይገባቸውም፤ ከኋላ አስቀመጣቸው፤ ሌሎቹ ሳቁ። ዝናብ ሳያልቅ ከትምህርት ወጡ፣ አልተመለሱም። አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ ከፈለግሽ፣ የልጆቼን ነገር ጻፊ።»