የእንግዳው ነጠላ

ዓለምነሽ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጥጥ ትዳምጣለች፤ ረፋድ ላይ ትነድፋለች፤ ከቀትር በኋላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ቅዳሜ ልቃቂቱን ለባሏ ታስረክባለች፤ እሑድ ቁስቋም ማርያም ታስቀድሳለች። ሽሮ ሜዳ ላይ ጎጆ ከወጣች ወዲህ ይህ ሥርዓት የተቋረጠው በወለደችባቸው ጊዜያትና ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ጣሊያን ሰውንና ቤትን በአንድነት ባነደደባቸው ቀኖች ብቻ ነበር።

ባሏ ዓምሃ ሸማኔ ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ ይዞት የመጣውን ሙያ ከነወጉ ወርሷል። ከወጎቹ አንዱ፣ ድሩ ከተወጠረበት ሰዓት ጀምሮ፣ ማጉ ገና ሳይገባበት፣ ሥራው በባለቤቱ ስም መጠራቱ ነው። ክር ብቻ ሳለ «የሙሽራዋ ቀሚስ»፣ «የግራዝማች ጋቢ» ይባላል። የተጀመረ ሥራም ሳያልቅ አይቆረጥም። በየካቲቱ ፍጅት አንድ ደንበኛው ሲገደል፣ ዓምሃ የሟቹን ጋቢ እስከ ዘርፉ ድረስ ሠርቶ ለመበለቲቱ አስረክቧል። ለምን እንደደከመ የጠየቁትን ሰዎች፣ «ስሙ ተጠርቶበታል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጣቸውም።

ዓለምነሽ በጥር ወር ማርገዟን በነገረችው ማግሥት፣ አንዲት ጠባብ ነጠላ ወጠረ።

«የማን ናት?» አለችው።

«የእንግዳው» አላት፣ ቀና ሳይል።

ላልተወለደ ልጅ ልብስ ማዘጋጀት ደስ አላላትም። ነገር ግን ከልቃቂቶቿ ሁሉ ቀጭኑን መርጣ ለማጉ ሰጠችው። ዓምሃ ከደንበኞቹ ሥራ የተረፈችውን ጊዜ ለዚያች ነጠላ አደረገ። መጋቢት ሲገባ እኩሌታዋ ተሠርታ ነበር።

በዚያው መጋቢት፣ በአንድ ሰኞ ዕለት፣ ዓለምነሽ ጥጥ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። እግሮቿ ካበጡ ሰንብተዋል፤ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ያነሣት ገለታ ነው። ገለታ የእንጦጦ ሥር ልጅ ነው፤ ጣሊያን ከሽሮ ሜዳ በታች በአውራው መንገድ ዳር በከፈተው ሕክምና ቤት ያስተረጉማል። ወዲያው ወደዚያው ወሰዳት። ጣሊያኑ ሐኪም ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያም ዝግ ብሎ ተናገረ።

«እትዬ ዓለምነሽ፣ ዶቶሬው የሚለው እንዲህ ነው» አለ ገለታ። «ልብዎ ደክሟል። ያለፈው ወሊድ ጎድቶታል። ይህን እርግዝና ዳር አያደርሰውም። ጽንሱ በዚህ ሰሞን ካልወጣ እርስዎም ይሞታሉ፤ ልጁም አብሮ ይሞታል።»

«እርግጠኛ ነው?»

ገለታ ጠየቀው። «እግዚአብሔር አይደለሁም፤ ነገር ግን ደረት ሳዳምጥ ነው የሸበትኩት ይላል። ሐሙስ ይምጡ፤ ባልዎም መጥቶ ቃሉን ይስጥ።»

ዓለምነሽ ሆዷን ዳሰሰች። ገና አልተላወሰም ነበር። የበፊቶቹ ልጆቿ የተላወሱበት ጊዜ መቃረቡን ግን ታውቃለች።

ማክሰኞ ወሬው ከጎረቤት ደረሰ። በየካቲቱ ቃጠሎ ቤታቸውን ያጡት እማማ ወለተ ሥላሴ ከዘራቸውን እየመቱ ገቡ፤ ገለታም ቁርጡን ሊሰማ መጥቶ ኖሮ ደጃፍ ላይ ተገናኙ።

«አንተ ነህ የጣሊያን ምላስ?» አሉት። «አምና ቤቴን በቁሜ ያነደደ ፈረንጅ ዛሬ ለዓለምነሽ ልብ አዘነ?»

«እማማ፣ ይኼ ዶቶሬ እኮ ያን ጊዜ አገራችን አልገባም ነበር።»

«የመጣበት መርከብ ያው ነው!»

«እና ትሙት ነው የሚሉት?»

«አፍህን ያዝ! እኔ ነኝ ያዋለድኳት፤ ማን ትሙት አለ? የተወለደውን በጥይት ፈጁ፤ አሁን ደግሞ ያልተወለደውን ሊለቅሙ ነው። ዘር ሊያጠፉ ነው፤ በቃ!» ወደ ዓለምነሽ ዞሩ። «ባልሽ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እሱን አናግሪው። የወንድ ነገር ነው።»

ዓለምነሽ እንዝርቷን አሾረች። የእማማ ወለተ ሥላሴ ፍርሃት ባዶ አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ የፈራውን ነው የተናገሩት። ይሁን እንጂ ያ ሐኪም ጆሮውን ደረቷ ላይ ባስጠጋ ጊዜ ፊቱ ያዘነ ሰው ፊት እንደነበረ አይታለች። ሁለቱንም እውነቶች ባንድ ጊዜ መያዝ እንደሚቻል አወቀች፤ አያያዙ ግን ጠፋባት።

ረቡዕ የነፍስ አባቷ መምሬ ላቀው መጡ። ዓምሃ ተቀምጦ ከሚሠራበት የሸማ ጉድጓድ ወጥቶ መስቀል ተሳለመና ተመልሶ ገባ፤ እጆቹ ግን አልሠሩም። መምሬ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ቁጡ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ በማሕፀን ያለው ነፍስ ነው» አሉ። «መጥምቁ ዮሐንስ በእናቱ ሆድ ሳለ ለጌታው ሰግዷል።»

«ዮሐንስ የሰገደው በስድስት ወሩ ነው አባቴ። የእኔ አራት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም።»

መምሬ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው። «ቅዳሴ ላይ ታንቀላፊያለሽ ስል ትሰሚ ኖሯል።» ከዚያም ድምፃቸው ከበደ። «ስሚኝ። ሰው የሚባለው የተላወሰው ነው፣ የተናገረው ነው፣ ያደገው ነው ማለት ከጀመርን፣ መስፈሪያው በማን እጅ ይወድቃል? አምና እኛን ሰው አይደላችሁም ብለው የሰፈሩን ሰዎች እኮ እዚሁ አጠገባችን አሉ። መስፈሪያ ከሚሰጣቸው ጋር አልተባበርም።»

ይህ ቃል ዓለምነሽን ያዛት። ከእማማ ወለተ ሥላሴ ጩኸት ይልቅ ይህ ጸጥ ያለ ቃል ልቧን ነካው። ሆኖም ለአምስት ዓመት የታፈነው ጥያቄ ከዚያው ልብ ተነሣ።

«ያቺን ልጄን ያስታውሷታል?»

«አስታውሳታለሁ።»

«አልቅሳለች። ጡቴን ጠብታለች። ድምፄን ስትሰማ ትዞር ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች ተብሎ፣ ያለ ፍትሐት ከቅጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ቀበርናት። ያቺ ያላገኘችውን ይህ ገና ያልተላወሰው እንዴት አገኘው?»

«ሰው አይደለችም አላልኩሽም ልጄ። ፍትሐት ለማድረግ ሥርዓቱ አልፈቀደልኝም ነው ያልኩሽ።»

«ሬሳ ላቀፈች እናት ልዩነቱ ምንድር ነው?»

መምሬ መስቀላቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት። «ልዩነቱ አይሰማም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አለ።»

«እንግዲያ እሷም ይህም ሰው ናቸው?»

«ሁለቱም።»

«እኔስ አባቴ?»

«አንቺማ» አሉ መምሬ፣ «አንቺማ እናት ነሽ።»

የተናገሩት በፍቅር ነበር፤ ስለዚህ አልተቆጣቻቸውም። ነገር ግን የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሱላት ሌላ መሆኑን ልብ አለች። ሲወጡ «የምፈቅድልሽም የምከለክልሽም ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ» አሉና ወደ ሸማው ጉድጓድ ዞር ብለው፣ «ዓምሃ፣ ይህ ያንተ ሸክም ነው» ብለው ሄዱ።

ሐኪሙ፣ ጎረቤቷና የነፍስ አባቷ በአንድም ነገር ሳይስማሙ በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ባሏ ይናገር። ባሏ ግን ከሰኞ ጀምሮ አልተናገረም። የደንበኛ ሥራ ትቶ የእንግዳውን ነጠላ ብቻ ሲሠራ ሰንብቷል። ሐሙስ ሳይደርስ ሊጨርሳት የቸኮለ ይመስል ነበር፤ ደግሞ ድንገት መወርወሪያውን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ይተክዛል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ዓለምነሽ እንዝርቷን ይዛ ከጉድጓዱ አፍ ተቀመጠች። ታናሿ ልጇ የተነደፈው ጥጥ ላይ ተኝታለች። ዓለምነሽ ከባዘቶው ጫፍ ይዛ ሳበች። ጥጡ ከጣቶቿ ሲወጣ ጥጥ ነው፤ እንዝርቱ ላይ ሲደርስ ክር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በመካከል ያለችውን ያችን ቅጽበት ልትይዛት ሞክራለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልያዘቻትም። የት ላይ እንደሆነ አላውቅም ማለት ግን ምንም አልሆነም ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች።

«አንቺስ?» አለ ዓምሃ።

እጇ ቆመ። «ምን አልክ?»

«ሁሉም እኔን ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ልብሽ ደረትሽ ውስጥ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዓለምነሽ እንዝርቷን አስቀመጠች። የምትናገረውን ከሰኞ ጀምሮ ስትፈትለው የቆየች ያህል፣ ቃሉ ሲመጣ አልተበጠሰባትም።

«ሰው አይደለም ብዬ አልሄድም» አለች። «እንደዚያ ብሎ መሄድ ይቀል ነበር። እኔ ግን ክሩን ፈትዬለታለሁ፤ አንተም ስም ጠርተህበታል። የምሄደው እኔም ስላለሁ ነው፤ እነዚህም ልጆች ስላሉ ነው። የምሄደውም ነገ ነው። አንድ ጊዜ ከተላወሰ እግሬ አይታዘዘኝም፤ ራሴን አውቃለሁ።»

ዓምሃ ፊቱን እጁ ባገኘው ጨርቅ አበሰ። ያበሰው በእንግዳው ነጠላ መሆኑን ዘግይቶ አየና እጁን ሰበሰበ።

«ለገለታ ንገረው» አለች ቀጥላ። «ዶቶሬው የትም እንዳይጥለው። ይዤው እመለሳለሁ። ከጥዱ ሥር ከእኅቱ አጠገብ ይቀበራል። መምሬንም ንገራቸው። ፍትሐት አልለምናቸውም፤ ሥርዓታቸውንም አያፍርሱ። ከቅጥሩ ወጥተው አብረውን ይቁሙ ብላለች በላቸው። ከመጡ መጡ።»

«በምን ጠቅልለሽ ታመጪዋለሽ?»

ዓለምነሽ ወደ ሸማው ዕቃ ተመለከተች። የተሠራው ክፍል ክንድ ያህል ነበር፤ ቀሪው ድር ባዶውን ተወጥሮ የምሽቱን ብርሃን ያሳልፋል።

«ሳያልቅ አይቆረጥም» አለ ዓምሃ፣ ሳትናገር ገብቶት። ድምፁ የክርክር አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች። «ቁረጠው።»