ግድግዳ የምንጋራት ቲቸር

ልጅ ሳለሁ፣ አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ የክፍላችን አስተማሪና የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሁለቱም ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ግቢው ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ነው፤ ድሮ አንድ የባቡር ሹም ብቻውን የኖረበት ቤት ለአራት ቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ አስተማሪዋ ስታስል እንኳ በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር። ክፍል ውስጥ ቲቸር ሰብለ፣ ግቢ ውስጥ እትዬ ሰብለ እንላታለን። እኛ ልጆቹ የቱ ስም የት እንደሚጠራ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። የተሳሳተችው እሷ ናት። ዛሬም ስለዚህች ሴት ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ይቅር ብያታለሁ ብዬ መዋሸት አልፈልግም።

ዘበኛው አባ ጀማል መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ በራቸው ላይ ሰሌን ያነጥፋሉ። ለትንኙ ብለው ደረቅ የኒም ቅጠል ፍም ላይ ይበትናሉ። ጭሱ መራራ ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ያኔ ግን ያ ሽታ ከመጣ ተረት ሊጀመር ነው ማለት ስለነበር፣ እራታችንን ሳንጨርስ እየተጋፋን እንወጣለን። መብራት የጠፋ እንደሆነ ፋኖሱን ከኋላቸው ያደርጉታል፤ ፊታቸው ይጨልምና ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ታሪኩን በአማርኛ ይዘው ይሄዱና ጅቡ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ግመሏ በሶማሊኛ ትመልስለታለች፤ እኛም ያልገባንን እርስ በርስ እየተረጎምን የዒሻ አዛን እስኪሰማ እንቆያለን።

ሰሌኑ ደንብ ነበረው። እሳቸው ሲጨርሱ አንዳችን በተራችን የራሳችንን እንናገራለን፤ «ይሄ እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ደግሞ ሦስት ቀን ሰሌኑ ላይ አይቀመጥም።

የእኔ ተራ ሲደርስ አባቴ ከቤት ከወጣ አራት ወር ሆኖት ነበር። እማዬ ለጠየቃት ሁሉ «ሁርሶ፣ የወታደር ማሰልጠኛው ውስጥ በወጥ ቤት ሠራተኝነት ተቀጥሮ ነው» ትላለች። እኔ ግን እዚያው ቅርባችን፣ ቢዮ አዋሌ፣ ከሌላ ሴት ጋር እንደሚኖር አጎቴ ለእማዬ ሲነግራት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ለሰው መናገር አልችልም፣ ሆዴ ውስጥም አልቀመጥ አለኝ። ስለዚህ ስለ አንድ አውራ ዶሮ አወራሁ። ዶሮው ሚስቱን «ዘብ ልቆም ነው» ብሏት ይሄድና ጎረቤት ቆጥ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ እሷም ድምፁን እየሰማች ጫጩቶቿን «አባታችሁ ዘብ ላይ ነው» ትላቸዋለች። ልጆቹ ሳቁ። አባ ጀማል አልሳቁም፤ ራሴን ዳበስ አድርገው «ጥሩ ተናገርሽ» ብቻ አሉኝ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ያን ምሽት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እትዬ ሰብለ ያን ጊዜ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታርም ነበር።

በማግስቱ ቲቸር ሰብለ የወላጅ ሥራ እየጠየቀች ቅጽ ትሞላ ጀመር። ተነሥቼ «አባቴ ሁርሶ ነው የሚሠራው» አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁርሶ ነው ወይስ ጎረቤት ቆጥ ላይ?» አለችና ፈገግ አለች። «ዘብ ቆሟል በይኛ፣ ማርታ።»

ቀድመው የሳቁት የግቢያችን ልጆች ናቸው። ነገሩ ያልገባቸውን ደግሞ በእረፍት ሰዓት አስረዷቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ያራግቡ ነበር። ክፋት አልነበራትም ይሉኛል ያወራሁላቸው ሰዎች፤ የጎረቤት ቀልድ መስሏት ነው ይሉኛል። ይምሰላት። እኔ የቆምኩት ግን ጎረቤቴ ፊት አልነበረም፤ አስተማሪዬ ፊት ነበር፣ መልስ መስጠትም አልችልም ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። እማዬ አልመታችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ለማን ነው የነገርሽው?» አለችኝ።

«ለማንም። ተረት ነው ያወራሁት።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ አባ ጀማል ሰሌኑን ሳያነጥፉ እትዬ ሰብለ በር ላይ ሄደው ቆሙ። «ሰብለ፣ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት በር የምከፍትልሽ እኔ ነኝ» አሏት። «የልጅ ገመና ይዘሽ እንደምትገቢ ባውቅ ወላሂ አልከፍትልሽም ነበር።»

«አቦ አባ ጀማል፣ ቀልጄ እኮ ነው። ምን አደረግኳት?»

ዞረው ወደ ቤታቸው ገቡ። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። እሳቸው ደግሞ እሷ በምትሰማበት ግቢ ዳግመኛ ተረት አላወሩም፤ እንግዲህ እሷ የማትሰማበት የግቢው ጥግ ስላልነበረ፣ የአራት ቤት ልጆች ተረታችንን በአንዲት ሴት ፌዝ ተነጠቅን። ልጆቹ የተቆጡት በእኔ ላይ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሦስተኛው ቀን ነው። እትዬ ሰብለ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በራችን ላይ ብቅ ብላ ሁለት ራስ ሽንኩርት እንድናበድራት ጠየቀች። እማዬ ሦስት ሰጠቻት። ፈገግ ብላ፣ «ሰብልዬ» ብላ ሰጠቻት። በሩ እንደተዘጋ «ለምን?» አልኳት።

«ገና ሰባት ወር እሷ ጋ ትማሪያለሽ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከአባ ጀማል ተረቶች ዛሬ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የእማዬን ፈገግታ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ሳቢያን ነው የምኖረው፤ የሁለተኛ ክፍል ልጄን የምታስተምራት ወጣት ባለፈው ዓመት ከቤታችን ትይዩ ተከራየች። ትሑት ልጅ ናት፣ ክፉ ነገር አይቼባት አላውቅም። ስንገናኝ ሳላውቀው እንደ እናቴ ፈገግ እላለሁ፣ ወዲያው በራሴ እናደዳለሁ። በቀደም ልጄ ከእራት በኋላ ከራሷ የፈጠረችውን ተረት ስታወራልኝ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ብድግ ብዬ በአስተማሪዋ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አልጠየቀችኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።