ከትሪው የእሱ ወገን

አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር መመዘን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከሰፈራችን ከቡርቃ ጃቶ ተነስተን አስፋልቱን ይዘን እስከ መናኸሪያው ተራመድን፤ ከዚያ እንደ ልማዳችን በአጥሩ ጥግ ሚዛኑን አስቀምጦ ከሚውለው ሽማግሌ ዘንድ ቆምን። ነጠላዬን፣ ቦርሳዬን፣ ስልኬንና የቤቱን ቁልፍ ለባለቤቴ አስያዝኩት። ጫማዬንም አውልቄ ሰጠሁት። ሰዓቴን ልፈታ ስል ሽማግሌው ሳቀ።

«አዴ፣ ሰዓቱን እንኳ ይተዉት። እሱ ምን ያህል ሊከብድ ነው?»

ሰማንያ አራት ተኩል። ያለፈው ቅዳሜ ሰማንያ አራት ነበር። ወርጄ ጫማዬን ስቀበል የባለቤቴን ፊት አላየሁም፤ ያየሁት ጫማዬን የያዘውን እጁን ብቻ ነው። ከዚያ እሱ ወጣ። ኮቱንም ጫማውንም አላወለቀም። ስልሳ አራት።

«ኦቦ፣ እርስዎን ነፋስ እንዳይወስድዎት» አለ ሽማግሌው።

«ምን ላድርግ፣ እሷ ትራመዳለች፣ እኔ እከሳለሁ» አለ ባለቤቴ።

ሁለቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ቤት ድረስ ሳላናግረው ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ ቀስ እያለ ይመጣ ነበር። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ባለሁበት ቆሜ ጠበቅሁት፤ ወደ እሱ ግን አልተመለስኩም። ሰኞ ሆስፒታል ገባ።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ጉልበትና በእኔ ደም ግፊት ነው። አስተማሪ ነኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቆሜ ማስተማር አቅቶኝ ክፍል ውስጥ ወንበር ማስገባት ጀምሬ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግፊቴን ለክታ፣ ክንዴ ላይ ያሰረችውን እየፈታች፣ «እትዬ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም። አሥር ኪሎ ያህል መቀነስ አለብዎት» አለችኝ። ያኔ ሰማንያ ስድስት ነበርኩ።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቅ አለ። «ብቻሽንማ አትራመጂም። እኔም ይቺን ቦርጭ ላራግፍ» አለኝ። ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እውነትም ትንሽ ቦርጭ አውጥቶ ነበር።

ደንብ አወጣን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ «ቶሌ» ነው ያለው፤ እሺ ማለቱ ነው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አርባ ደቂቃ መራመድ። ቅቤ መተው። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት። ለእራት ለሁለታችን እናቀርበው የነበረውን ሁለት እንጀራ ወደ አንድ ተኩል ማውረድ። ከአንድ ትሪ ስለምንበላ እኩል እኩል ደረሰን ብዬ አሰብኩ።

በመጀመሪያው ወር ሁለት ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ ሚዛኑ ቆመ። ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ አራት ተኩል፣ አንድ ቅዳሜ ሰማንያ ሦስት፣ በሚቀጥለው እንደገና ሰማንያ አራት። ክረምቱ ገብቶ ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ ሲለጠፍ እንኳ መራመዱን አልተውኩም። እሱ ግን ከሰባ ስምንት ተነስቶ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይወርዳል። አንድ ቤት ነን፣ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ የምንሄደውም አንድ መንገድ ነው። ሊገባኝ አልቻለም።

ሚዛኑን ጠረጠርኩና ፋርማሲ ገብቼ ተመዘንኩ፤ ያው ነው። ጨው ጠረጠርኩ፤ ቀነስኩ። እንቅልፌን ጠረጠርኩ፣ ዕድሜዬን ጠረጠርኩ። መድኃኒቱ ነው ያወፈረኝ ብዬ ነርሷን ተጨቃጨቅኋት። ሁሉንም ጠረጠርኩ፤ ትሪውን ብቻ አልጠረጠርኩም።

ቀናሁበት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ቀናሁበት። መምህራኑ «ባልሽ እኮ ወጣት ሆነ» ሲሉኝ፣ «ወንድ ምን አለበት፣ ስኳር ቢተው ይቀልጣል» ብዬ እመልስ ነበር። ሱሪው ሲሰፋበት ምስማር በእሳት አግዬ ቀበቶውን የበሳሁለት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ በሳሁ። በሦስተኛው፣ «አሁንስ አበዛኸው፣ ቀበቶው አለቀ» አልኩት። እሱም «ቀበቶው ሲያልቅ ገመድ እናመጣለን» አለኝ። የቆዳው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ እኛም እየሳቅን ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ የእኔ አልወርድ ሲል፣ እራቱን ወደ አንድ እንጀራ አወረድኩት። አሁንም «ቶሌ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን መንገዱ ሰላም ሆኖ ታላቅ እህቱ ከቢላ ከተማ መጣች። ጩምቦ ሠርታ አመጣችለት፤ በወለጋ ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን፣ በቅቤና በእርጎ የራሰውን የጤፍ ቂጣ። ገና ከበር ላይ አየችውና እቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ወንድሜን ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ።

«ምን አደረግሁት? ሆን ብለን ነው። ስፖርት ነው።»

«ስፖርት አንገት ይበላል እንዴ?»

«እኔም እኮ አብሬው ነው የምሠራው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺን ስፖርቱ አላገኘሽም» አለች።

ባለቤቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን ተቀየምኩ። በቤቴ ባሌን አስርቤዋለሁ ማለቷ ነው ብዬ ተቀየምኩ። ቡና አፍልቼ፣ ምሳ አቅርቤ፣ በወጉ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ወደ ወጥ ቤት መጣና የጩምቦውን ክዳን ከፈተ።

«ትንሽ ብቀምስስ?» አለ።

«ሙሉ ቅቤ ነው። ተነጋግረን የለ?»

«አንድ ጉርሻ።»

«አንድ ጉርሻ ነው ሁልጊዜ የሚጀምረው» አልኩትና ክዳኑን መልሼ ጩምቦውን ለጎረቤት ላክሁት። እሱም አልተከራከረኝም። በኋላ ሳስበው፣ በእነዚያ ወራት በገዛ አፉ የጠየቀኝ ምግብ ያ ብቻ ነበር።

ሆስፒታል የገባን ሰኞ፣ ሐኪሙ ሆዱን እየነካካ መክሳት የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀው። ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ከግንቦት ጀምሮ ነው ዶክተር። ሆን ብለን ነው። እየተራመድን ነው፣ ምግብም ቀንሰናል።»

በድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

«የምግብ ፍላጎታቸውስ?»

«ደህና ነው። አብረን ነው የምንበላው።»

«አይደለም» አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ። «ከበላሁ ቆየሁ። ሦስት አራት ጉርሻ ካለፈ አይወርድልኝም።»

«ታዲያ እንጀራው የት ይሄዳል?» አልኩት። ሐኪም ፊት፣ ታሞ በተኛበት፣ እንደ ሌባ ያዝኩት።

«አንቺ ጋ» አለኝ።

እዚህ ላይ የእናቴን ቤት ደንብ መናገር አለብኝ። እኔ ጊዳ አያና ነው ያደግኩት፤ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። በእናቴ ገበታ ላይ አንዱ እጁን ካነሳ ሌላውም ያነሳል። ስለዚህ ቀድሞ የጠገበ ሰው እጁን አያነሳም። እየቆረሰ፣ እያጠቀሰ፣ እያወራ፣ ሌላው እስኪጠግብ ገበታው ላይ ይቆያል። ባለቤቴ በሙሽርነቱ ወራት ይህን ሳያውቅ እጁን ቀድሞ አነሳና እናቴ፣ «ልጄን ከገበታ ልታስነሳት ነው?» ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ቀድሞ እጁን አንስቶ አያውቅም።

እነዚያን ወራት ሁሉ እንዲሁ አደረገ። እጁ ትሪው ላይ ነበር። ከእንጀራው ጫፍ ጥፍር የምታህል ይቆርሳል፤ ሽሮው ውስጥ ነክሮ ይይዛታል፤ ወሬ ይጀምራል። ሽሮውን በእንጀራ እየጠረገ ወደ እኔ ይገፋዋል። «ኛዱ» ይለኛል፤ ብዪ ማለቱ ነው። እኔም ትሪ ላይ ምግብ ማስቀረት ነውር ነው ብዬ እጨርሰዋለሁ። አብሬው እየበላሁ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ አለመብላቱን አላየሁም። የየራሳችን ሳህን ቢኖረን ኖሮ በሳምንቱ አየው ነበር። ግማሽ የመሰለኝ ድርሻዬ አብዛኛው እንጀራ ነበር። እኔ ያልቀነስኩት የእሱን ስበላ ነው፤ እሱ የከሳው መብላት አቅቶት ነው። እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ ተኩል፣ ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ያወረድኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሽታው ቆይቷል አሉን። ሁለት ወር አልሞላም፤ ሞተ።

ከዚያ ያለ ምንም ደንብ ከሳሁ። ለቅሶ ላይ የሚቀርበው ሁሉ አይወርድልኝም። «አንድ ጉርሻ ስለ እኔ» የሚሉኝ ሴቶች ሲሰለቹ ይተዉኛል። አንዷ ጎረቤቴ፣ ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ «ለነገሩ ስትፈልጊው የነበረ ነው፣ ቀሚሱም ሰፋሽ» አለችኝና ደንግጣ አፏን ያዘች። አልተቀየምኳትም። ትክክል ነበረች።

ከአርባው በኋላ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ እግሬ ሚዛኑ ዘንድ ቆመ። ነጠላዬንና ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ስላልነበረ እንደያዝኳቸው ወጣሁ። ሰባ ስድስት። ነርሷ ያለችው አሥር ኪሎ ተቀንሷል። ሽማግሌው ሁልጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው። ያን ቀን አላነበበም። «አዴ፣ ያጽናዎት» ብቻ አለኝ። ያንን ቁጥር ስድስት ወር ሙሉ ተመኝቼው ነበር፤ ሳየው የሰው እቃ እጄ ላይ የተገኘ ያህል አፈርኩ።

ቤት ገብቼ በላሁ። ርቦኝ አይደለም የበላሁት። ብከሳ ከእሱ የሰረቅሁ መሰለኝ፤ ሲያስጠላኝም ጨርሼ እበላ ነበር። መራመዱንም ተውኩ። በጥቂት ወራት ሰማንያ አምስት ሆንኩ። ሚዛኑ ወደ ላይ ሲሄድ እፎይ እል ነበር። ጉልበቴ ግን ተመልሶ አበጠ፣ ግፊቴም ወጣ።

ነርሷ ተቆጣችኝ። «እትዬ፣ ደግሞ ምን ሆኑ?» አለች። ነገርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ይለኝ ነበር፤ ብዙ ሰው ብሎኛል። እሷ አላለችም። የቆየውን ካርዴን አውጥታ ቁጥሮቹን በጣቷ አሳየችኝ።

«ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ አራት። ይሄ መውጣትና መውረድ ውኃ ነው፣ ጨው ነው፤ ሚዛን በየሳምንቱ የሚነግረን ወሬ ነው። ወር ከወር ነው የሚታየው። ሁለተኛ፣ የሚበሉትን ለብቻ ያቅርቡ። ስንት እንደበሉ ሳያውቁ ለምን አልቀነስኩም ማለት አይቻልም።»

«ለብቻዬ መብላት አልችልም» አልኳት።

«እንግዲህ ይለማመዱታላ» አለችኝ።

ለሙት ዓመቱ እህቱ ከቢላ መጣች። ጩምቦ ይዛ ነበር። ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ጠየቅኋት።

«ያን ጊዜ አይተሽው ነበር። ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ወጥ ቤት ሳለሽ ጠየቅሁት። ያመኛል አለኝ። ታዲያ ንገራት አልኩት። አሁን ብነግራት መራመዷን ትታ እኔን ስታስታምም ትውላለች፣ ገና ሁለት ኪሎ ነው የቀነሰችው፣ ትንሽ ይቆይ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ነገርኩሽ። ስፖርት ነው አልሽኝ እኮ።»

ክብደቴ እንዲወርድ ብሎ ሕመሙን ደበቀኝ፤ ሕመሙን ሲደብቅ ምግቡን ወደ እኔ ገፋ፤ ምግቡም ክብደቴን አላወርድ አለ። እሱም እንደ እኔ አላሰበበትም። ግን እሱ ታሞ ነው። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ ዓይኔም ያይ ነበር፤ የማየው ግን ሚዛኑን ነበር።

ያን ዕለት እህቱ ጩምቦውን በትሪ ልታቀርብ ስትነሳ ሁለት ሳህን አወጣሁ። ሳህኖቹን አየቻቸው። ለራሷ ብዙ፣ ለእኔ ትንሽ አድርጋ ቆረሰች። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ቅቤው አዲስ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ መናኸሪያው እራመዳለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ነጠላዬንና ቦርሳዬን ሚዛኑ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጬ እመዘናለሁ፤ ባለፈው ወር ሰማንያ ሁለት ነበርኩ፣ በዚህ ወርም ሰማንያ ሁለት ነኝ። እራቴን በትንሽ ሳህን አቀርባለሁ፤ ስጠግብ እጄን አነሳለሁ።