ካቴተር ይዤ ጣርማ በርን የወጣሁበት ቀን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሽንቴ መዘግየቱን ነው። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣም ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው። ስጨርስ የጨረስኩ አይመስለኝም። ሌሊት ደጋግሜ መነሳት ጀመርኩ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። የቆላ ሙቀት ውሃ ስለሚያስጠጣ ነው ብዬም አለፍኩት። ባለቤቴ አስካለ «ሐኪም ጋ ብንሄድስ?» ስትለኝ ወሬውን ወደ ሌላ እመልሰው ነበር።

ከደጋ ተመድቤ ሸዋ ሮቢት የመጣሁት በወጣትነቴ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በሰው ሀብት አስተዳደር ሠርቻለሁ። የብዙ ሠራተኞች የሕመም ፈቃድ በእጄ አልፏል፤ የራሴን ግን ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሼ ቢሮ የምገባ ሰው እንደነበርኩ የከተማው ሰው ያውቃል። ይህን የማነሳው ስለ ልብሴ ለማውራት ሳይሆን ከሕመሙ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሽንቴ ፈጽሞ እምቢ አለ። ከእምብርቴ በታች ያለው ሆዴ ተወጠረ። መቀመጥ አልቻልኩም። መቆምም አልቻልኩም። ላብ አጠመቀኝ። አስካለ ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ዘንድ አደረሰችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ብዙ አላወራም። በሽንት መተላለፊያዬ በኩል እስከ ፊኛዬ የሚደርስ ካቴተር የሚባል ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገባ፤ ጫፉንም ከአንድ የላስቲክ ከረጢት ጋር አገናኘው። ከረጢቱ ሞላ። ተደፍቶ እንደገና ሞላ። ሕመሙ ለቀቀኝ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ ግን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አዘዘ። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ይሄ የዛሬ ሕመም አይደለም። ፕሮስቴት ዕጢዎ አድጎ የሽንቱን መውጫ ዘግቶታል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሁለቱንም ኩላሊቶችዎን ወጥሯቸዋል። የኩላሊትን ሥራ የምንለካበት ክሬቲኒን በጣም ከፍ ብሏል። የምፈራው ፖታሲየምዎን ነው፤ እሱ ከፍ ካለ ልብ ያስቆማል፤ እዚህ ደግሞ አንለካውም። ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ይድረሱ።»

«ነገ በጠዋት ብነሳስ?» አልኩት።

«ነገ አልልዎትም።»

አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ወጥቶ ነበር። በሕዝብ ማመላለሻ መሄዳችን ግድ ሆነ። ሐኪሙ የሪፈር ወረቀቱን እየሰጠኝ እንዲህ አለ፦ «ከረጢቱ ምንጊዜም ከወገብዎ በታች ይሁን፤ ሽንት ወደ ላይ አይፈስም። ቱቦው እንዳይታጠፍ። መውረዱን ካቆመ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ይናገሩ።»

መመሪያውን በሚገባ ሰማሁ። ቤት ገብቼ ግን ሱሪዬንና ኮቴን ለበስኩ፤ ቱቦውን በሱሪዬ ወገብ በኩል ወደ ላይ አወጣሁ፤ ከረጢቱን ከኮቴ ሥር፣ ከቀበቶዬ በላይ አሰርኩት። አስካለ አየችኝ። «ሐኪሙ እንዲህ አድርግ ነው ያለህ?» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እንደማስተካክለው ነገርኳት። መናኸሪያው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። መንገድ ላይ ያለችውን የአርማኒያን ከተማ እስክናልፍ ደህና ነበርኩ። ወደ ደብረ ሲና መውጣት ስንጀምር የጠዋቱ ሕመም ተመለሰ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ። ከዚያ እንደ ቢላ። ጥርሴን ነከስኩ። መስኮቱን አየሁ። ምንም አላይም ነበር። አስካለ ኮቴን ገለጠችው። ከረጢቱ ከቤት ስንወጣ እንደነበረው ነው፤ አልጨመረም። ቱቦው ቀበቶዬ ላይ ታጥፏል። ዝቅ ለማድረግ ሱሪው መውለቅ ነበረበት።

«ሾፌር፣ አቁምልን» አለች።

«እናቴ፣ ዳገት ላይ ነን እኮ። ምን ሆኑ?»

እጇን ያዝኳት፤ እንዳትናገር። እሷ ግን ተናገረች። «ሽንት መውረጃ ቱቦ ተደርጎለታል፤ ታጥፎበት ታፍኗል። ካልወረደለት ኩላሊቱ ነው።»

ሚኒባሱ ጥግ ይዞ ቆመ። ሰው ሁሉ መስማቱን ከሕመሙ ይልቅ ፈርቼው ነበር። ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ። የቀወት ገበሬ የሆኑ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን የሚሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ እየሄዱ ነበር። ከፌስታላቸው ገና ያልተፈታ አዲስ ሽርጥ አወጡ፤ የቆላው ወንድ ከወገቡ በታች የሚያገለድመው፣ እሳቸውም የለበሱት ዓይነት ጨርቅ ነው።

«ሱሪው ነው የያዘዎት፤ ይኸን ያገልድሙ» አሉኝ።

«ኧረ አዲስ ነው፤ ለልጅዎ የያዙት አይደል?» አለች አስካለ።

«ልጄ ሱሪ ለምዷል። ይኸን የምወስድለትም የአገሩን እንዳይረሳ ብዬ ነው። ያልረሳ እንደሆን ሌላ እስካመጣለት ይጠብቀኛል፤ የረሳ እንደሆንም አይጠይቀኝም።»

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ዘነበች የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ተነሣች። «በሉ እንውረድ፤ እግሬን ደንዝዞኛል» አለች። የሁሉም እግር የደነዘዘ ይመስል ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ወረደ። ወርደውም ወደ ገደሉ ዞረው ቆሙ። አንድም ሰው ወደ ኋላ አላየም። አስካለ ሱሪዬን አወለቀችልኝ፤ ሽርጡን አገለደምኩ፤ ከረጢቱ እግሬ ሥር ወረደ። መጀመሪያ ትንሽ ደም መጣ። ቀጥሎ ሽንቱ።

«ወረደ» አለች አስካለ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ውጭ የቆመ አንድ ሰው «ተመስገን» ሲል ሰማሁት፤ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሣ በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሮቢት ኖረው ዛሬ ገና የአገሩን ልብስ ለበሱ።»

«አስገድደናቸው ነው እንጂ መች ይለብሱት ነበር» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከኋላ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ሆዴን አመመኝ።

ጣርማ በር ልንደርስ ስንል መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። መንገዱ ተራራውን ከሚያልፍበት ዋሻ በታች ባለው መጠምዘዣ ላይ የተጫነ ከባድ መኪና ተበላሽቶ አግድም ቆሟል። ጉም ወርዷል። ከፊታችን የተሰለፈው መኪና ብዙ ነው። የሐኪሙ «ነገ አልልዎትም» ያን ጊዜ መጣብኝ። ሾፌሩ በእግሩ ሄዶ አይቶ ተመለሰ።

«ይሄ መኪና ዛሬ የሚነሣ አይመስለኝም። ከማዶ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ እንደኛው ቆሟል። ከሾፌሩ ጋር ተነጋግረናል፤ መንገደኛ እንቀያየራለን። እዚያ ድረስ ግን በእግር ነው። ጋሼ ይችላሉ?»

እችላለሁ አልኩ። ዘነበች ዘንቢሏን ባዶ አድርጋ አመጣችው። «ከረጢቱ እዚህ ይግባ። ለጠየቀን ሽንኩርት ነው» አለችኝና ዘንቢሉን ዝቅ አድርጋ ይዛ ከጎኔ መራመድ ጀመረች። ቱቦው አጭር ስለነበር ከእኔ መራቅ አትችልም። እኔ ስቆም ትቆማለች፤ ስራመድ ትራመዳለች። በግራዬ አስካለ ክንዴን ይዛኛለች። ከማዶ የሚመጡት መንገደኞች እያለፉን ወደ እኛ ሚኒባስ ይወርዳሉ። ብርዱ ከሽርጡ ሥር ይገባል። ከሚወርዱት አንዱ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው፣ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «እኔ ወደ ሙቀት ነው የምወርደው፤ ምን ያደርግልኛል? ሲደርሱ ለሾፌሩ ይተዉልኝ» ብሎ አለፈ።

አዲሱ ሚኒባስ ውስጥ የፊተኛው ወንበር ተለቆልኝ ጠበቀኝ። ቀን ሳለ ደብረ ብርሃን ገባን። ሾፌሩ መናኸሪያ ሳይገባ በቀጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረደን፤ ከመንገደኞቹ የተቃወመ አልነበረም።

ፖታሲየሜ ከፍ ብሎ ተገኘ። የልብ ምርመራ ተደረገልኝ፤ በደም ሥሬ መድኃኒት ተሰጠኝ። የተቀበለችኝ ሐኪም በማግስቱ ውጤቱን እያየች «ትናንት ባይመጡ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ዲያሊሲስ፣ ስለ ኩላሊት እጥበት ነበር፤ እሱም ከደረሱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው፤ ክሬቲኒኑ በየጊዜው በተለካ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየወረደ፣ እኔም የጠጣሁትንና የወጣውን ውሃ በየዕለቱ ለነርሶቹ እየነገርኩ፣ ኩላሊቶቼ ለቀዶ ሕክምና እስኪበቁ ድረስ ካቴተሩን ይዤ ቆየሁ። ቀዶ ሕክምናው ወገቤ ላይ በተወጋ ማደንዘዣ ስለተሠራ የሐኪሞቹን ንግግር ሁሉ እየሰማሁ ነው ያለቀው፤ የወጣው ዕጢ ለባዮፕሲ ተልኮ ካንሰር እንደሌለበት ተነገረኝ። ካቴተሩ የተነቀለ ዕለት ነርሷ ውሃ አጠጥታኝ ኮሪደሩ ላይ እንድንሸራሸር አደረገችኝና፣ ብዙ ከጠበቅሁ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሽንቴ በራሱ መንገድ ሲወርድ ስሰማ፣ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ኩላሊቶቼ ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም፤ ጨው ቀንሻለሁ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ አልወስድም፣ ለክትትልም በቀጠሮዬ ደብረ ብርሃን እመላለሳለሁ። ዲያሊሲስ ግን አላስፈለገኝም።

ያከሙኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ከእነሱ ባላነሰ ምስጋናዬ ለሁለቱ ሚኒባሶች ሰዎችም ነው። ሥራዬ በሙሉ ሰውን በማዕረጉና በደረጃው መመደብ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ማዕረጌን አልጠየቁኝም፤ ማፈሬን ግን ሳልነግራቸው አወቁ።

ሽንታችሁ የሚዘገይ፣ የሚቆራረጥ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሣችሁ ወንዶች፣ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ኩላሊት ሲጎዳ ድምፅ አያሰማም። ለሐኪም ንገሩ፤ ከሐኪም በፊት ለሚስታችሁ ንገሩ። ካቴተር ተደርጎላችሁ መንገድ የምትወጡ ከሆነ ሰፊ ልብስ ልበሱ፤ ቱቦው አለመታጠፉን በየጊዜው እዩ፤ ከረጢቱንም ከወገባችሁ በታች አድርጉ። ሰው ያየዋል። ይየው።