የሙሽራው አንድ ዓይን

ሥዕል የተማርሁት ደባርቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ከሚስሉ የኔታ ነው። በኋላ ግን ብሩሽ ኋላ ቀር ነው ብዬ የሥዕል ታብሌት ገዛሁ፤ ከዩቲዩብ «ተመረቅሁ»፤ የሳቸውን ትምህርት እርግፍ አድርጌ ተውሁት።

ባለፈው ዳባት ላይ ለሰርግ የሚሰቀል የሙሽሮች ሥዕል ታዘዝሁ። ሙሽሪትን ፊት ለፊት፣ ሙሽራውን ደግሞ እንደ ፊልም አክተር በጎኑ፣ እሷን ሲያይ አድርጌ ሳልሁት። ዳሱ ውስጥ ሲሰቀል ጭብጨባ ስጠብቅ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ጀመር።

የሙሽሪት አያት ጠሩኝ። «ልጄ፣ አንድ ዓይኑን ምን አደረግኸው?»

«በጎን ስለሆነ ነው አባባ፤ ዘመናዊ አሳሳል ነው።»

«እኛ ቤተ ክርስቲያን ባንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል የሙሽሪት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እንዲህ ካወቅኸው፣ ምነው ሽማግሌ ሳይልክብን በፊት በሳልኸው!» አሉኝ።